አምፖሉ ተናግሯል

ውድ ሙሴ፣

«ውድ» ስልህ እንዳትኮራ። ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ብላ የጻፈችው ጀውሃራ ናት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እኔ ሬዲዮ ስፈታ ሚስቴ ፊደል ቆጠረች፤ ይኸው ዛሬ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ስልክ አለ አይደለም ወይ ትል ይሆናል። በስልክ ስነግርህ «ይቆራረጣል፣ አልሰማም» ብለህ ታመልጣለህ። ወረቀት አይቆራረጥም።

ነገሩ ይኸው ነው፤ አምፖሉ ተናግሯል!

ልጅህ ትሕትና ዘንድ ልትኖር ወደ ማሻ የሄድክ ዕለት፣ የቴፒ መናኸሪያ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከመኪናው መስኮት ምን ብለህ ጮህክ? «ሀምዳን፣ ያ ባለ አምፖል ሬሳ ማጫወቻህ የተናገረ ቀን ጥራኝ፣ ዕቃዬን ጠቅልዬ እመለሳለሁ!» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቃልህን ግን ያዝኩት። አንተ ከሄድክ ወዲህ በረንዳዬ ላይ አምፖል ይሻላል ትራንዚስተር ብሎ የሚከራከረኝ ጠፋ። ጎረቤቴ ሻሚል ያልኩትን ሁሉ «ልክ ነው ጋሼ» ይላል። ልክ ነው ሲሉኝ ይደክመኛል።

አማን ከተማ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ባስልኤል ማጫወቻዬን ከፍቶ አየና «አምፖሉ ተቃጥሏል፤ ቲዩብ ነው የሚባለው» አለኝ። ጅማ ለሚመላለሰው ለዐብዱልጀባር «ቲዩብ አምጣልኝ» አልኩት። አመጣ፤ የሞተር ሳይክል ጎማ ውስጥ የሚገባውን ከመነዳሪ! «ቲዩብ አላልክም እንዴ?» ብሎ ደግሞ ይቆጣኛል። የፈለግኩትን በኋላ ባስልኤል ራሱ ከአንድ አሮጌ ሬዲዮ ሆድ ነቅሎ ሰጠኝ።

ተከልኩት። ሞቀ፣ ፍም መሰለ። የክራር ካሴቴን ከተትኩ፤ ክራር መቺው አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሚጫወት ነው የሚመስለው። ወዲያው ዝናብ መጣ። የቴፒን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ ቆርቆሮው ሲያጓራ ክራሬ ጠፋ። ትተኸው በሄድከው ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ሞከርኩ። ዝናቡንስ አሸነፈ፤ ክራሩ ግን ምስማር ሆኖ ጆሮዬ ገባ። ይሄን ድሮም ነግሬሃለሁ።

ባስልኤል «ጋሼ፣ ለምን አያጋቧቸውም? አምፖሉ ፊት ሆኖ ድምፁን ያሳምር፣ ትራንዚስተሩ ኋላ ሆኖ ጉልበት ይስጥ» አለኝ። እኔም አስቤው ነበር፤ እሱ ቀድሞ ተናገረው እንጂ። (ጀውሃራ «አላሰብክም» ትላለች። እሷ ጽሕፈቷን ትጻፍ።)

በመሃላቸው ገመድ ዘረጋልን። እኔ የትራንዚስተርህን ማብሪያ አስቀድሜ ተጫንኩ፣ አምፖሉን አስከተልኩ። ጓ! ጀውሃራ ሰሃን ጣለች፣ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ለካስ ሥርዓት አለው፤ አምፖሉ ቀድሞ ይሞቃል፣ ያንተኛው መጨረሻ ይበራል። ደግሞ የስፒከሩ ንዝረት አምፖሉን ያንጫጫው ነበር። የዐብዱልጀባርን ከመነዳሪ ቆርጬ ከሥሩ አነጠፍኩለት፣ ጸጥ አለ። ሰውዬው አሁን «ሀምዳንን ያዳነው የኔ ቲዩብ ነው» እያለ ገበያውን ያምሳል።

ካሴቱን እንደገና ስከት ዝናቡም እንደገና መጣ። ሻሚል «ጋሼ፣ ያሰጡት ቡና እየረጠበ ነው!» እያለ ሮጦ ገባ። ክራሩ በዝናቡ መሃል ይሰማል፤ ጣቱ ክሩን ሲለቅ እንኳ ይሰማል። ሻሚል አፉን ከፍቶ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። የኔም ቡና ረጠበ፣ የሱም። «ሰማህ፣ አምፖል ማለት ይሄ ነው» አልኩት። «ልክ ነው ጋሼ» አለኝ። ምን ይደረግ!

አንተ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ «የተናገረው የኔ ትራንዚስተር ነው እንጂ አምፖልህ አይደለም»። ይሄን እዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ በለኝ! ከማሻ ብርድ ውስጥ የተላከ ክርክር አልቀበልም። ትሕትናን ጠይቄያታለሁ። «አባባ እዚህ ከመጣ ጀምሮ ዝም ብሎ ነው የሚውለው» አለችኝ። አንተ? ዝም? እኔ ሳልሞት!

እንግዲህ ስማኝ። በየጠዋቱ አምፖሉን አሞቃለሁ። ያንተን ማብሪያ ግን ከእንግዲህ አልነካውም፤ የሚጫነው ያንተ እጅ ነው። አምፖል ብዙ በበራ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል ብሎኛል ባስልኤል። ስለዚህ አትዘግይ።

እየሞቀ የሚጠብቅህ፣
ሀምዳን
(አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ፤ የማን እንደሆነ ታውቀዋለህ)