“አረንጓዴዋን አትንኩ” ብዬ እንዳስተምር ላስሠለጠኑኝ ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለተከበሩ የርቱዕ ምዘና ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎ፣ እንዲሁም ሦስት ሳምንት ሙሉ ስደውል አንድም ቀን ሳይሰለቸው “እባክዎ በመስመሩ ላይ ይጠብቁ” ያለኝ ስልክዎ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሐይቅ ከተማም ደህና ናት፤ ዓሣው ይጠበሳል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ ምሩቁም እንደ ወትሮው በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሞ አንገቱን ያሰግጋል።

ስሜ ሰሚሃ ባድሩ ይባላል። በስታቲስቲክስ ተመርቄ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ ስፈልግ የቆየሁ፣ ተስፋ ማድረግ የማይለቀኝ በሽታ የሆነብኝ የሐይቅ ልጅ ነኝ። ድርጅትዎ ለመስኖ ፕሮጀክቱ ሠላሳ ምሩቃን በኮምፒውተር ፈትኖ ሊያስቀጥር ሲነሣ፣ “ከፈተናው ቀን በፊት ተፈታኙን ከገጹ ጋር የሚያላምድ በጎ ፈቃደኛ” ብሎ ከየወረዳው ሲመርጥ እኔንም መረጠኝ። ደሴ ላይ ግማሽ ቀን አስሠልጥነው ሲሸኙኝ እጄን ጨብጠው “አደራ” ብለውኝ ነበር። አደራው ደርሷል። እንዴት እንደደረሰ በቅደም ተከተል ልንገርዎ፤ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፩. ስለ መመሪያው ከልብ አመሰግናለሁ። አሥራ ሁለት ገጽ ነው፣ ወረቀቱም ወፍራም ነው። በተለይ ገጽ ሦስት ላይ በደማቁ የተጻፈችው፣ “የልምምዱ ገጽ ከእውነተኛው ፈተና ጋር በሁሉም ነገር አንድ ነው” የምትለው ዓረፍተ ነገር እስካሁን በቃሌ አለች። ሐይቅ ላይ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የሚሠራው ሀምዱ፣ ይህችኑ ገጽ አባዝቶ በሩ ላይ ለጥፎልን ነበር። አሁን አንሥቶ ስኳር ይጠቀልልባታል።

፪. ስለ አረንጓዴዋ ቁልፍ ደግሞ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በልምምዱ ገጽ ላይ፣ ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ መልሱን ሲመርጡት ራሱ ይመዘገብ ነበር፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ በቀስቷ ይታለፋል፤ ከታች በስተቀኝ ያለችው፣ ጽሑፍ የሌለባት፣ የራይት ምልክት ብቻ ያለባት አረንጓዴ ቁልፍ ከመጨረሻው ጥያቄ በፊት ከተነካች ግን ፈተናው በሙሉ ይዘጋና መመለሻ የለውም። አሠልጣኝዎ ይህንን ሰባት ጊዜ ደጋግሞ ነገረን። እኔም በሀምዱ ቤት፣ መብራት በመጣ ቁጥር፣ ለአሥራ ዘጠኝ ሰው ሰባት ሰባት ጊዜ ነገርኩ።

ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ አምሳሉ ነው። አምሳሉ ከአምባሰል ገጠር ነው የሚመጣው፤ በዕፅዋት ሳይንስ ከተመረቀ አምስት ዓመቱ፣ ከተመረቀ ጀምሮ ከአባቱ ጋር ያርሳል። ከኮምፒውተር ጋር ከተለያየ ስለቆየ ማውዙን እንደ ማረሻ እርፍ ጨምቆ ይይዘው ነበር። “አምሳሉ፣ ለቀቅ አድርጋት፣ አታመልጥህም” ስለው፣ “እህቴ ሰሚሃ፣ በሬ ብትሆን እኮ ስሟን ጠርቼ እመልሳት ነበር” ይለኛል። አንድ ሰዓት ተኩል በእግሩ ወርዶ፣ በሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ሦስት ቀን ተመላልሶ ሲለማመድ አረንጓዴዋን ሁለት ጊዜ በስህተት ነክቶ ሁለት ጊዜ ተዘጋበት። በሦስተኛው ቀን ተናደደና እንዳይረሳ ግጥም ግጠሚልኝ አለኝ። እኛ አገር የማይረሳ ነገር በግጥም ነው የሚቀመጠውና ገጠምኩለት፦

ቀስቷን ተከተላት እስከ መቶኛዋ፤
ቀድማ አትነካም ያች አረንጓዴዋ።

እሱ በአምባሰል ቅኝት አንጎራጎራት፤ ሀምዱ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን በመዳፉ እየመታ ተቀበለው፤ ሌሎቹም ተማሩት። ከዚያ ቀን በኋላ አረንጓዴዋን ያለ ጊዜዋ የነካ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ታዛዥ ተፈታኝ በየትኛውም ወረዳ አላገኙም፣ ክቡር ሆይ።

፫. እኔም ከተፈታኞቹ አንዷ ሆኜ ደሴ ላይ ስለተቀመጥኩበት የፈተና ቀንም ላመስግን። አዳራሹ ንጹሕ፣ ወንበሩ ምቹ ነበር። ገጹም እንዳሉት በሁሉም ነገር አንድ ነበር፦ ያው ቀስት፣ ያው ሰዓት፣ ያች አረንጓዴ ቁልፍ በዚያው ቦታዋ። አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ግን መዳፌ አልቦት ነበርና ማውዙ ተንሸራቶ አረንጓዴዋን ነካኋት። ያ ረቢ፣ አለቀልኝ አልኩ። አልተዘጋም። ይልቁንስ ከሥር በደቃቅ ፊደል “የዚህ ጥያቄ መልስ ተመዝግቧል” የምትል መስመር ብቅ አለች። ደንግጬ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ የመለስኳቸው በሙሉ ባዶ ናቸው። ለካ በእውነተኛው ፈተና ያች ቁልፍ መዝጊያ ሳትሆን መመዝገቢያ ኖራለች፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ ካልተነካች መልሱ እንዳልተመለሰ ይቆጠራል።

እጄን አወጣሁ። ፈታኝዎ በትሕትና መጥተው ጎንበስ አሉልኝ። በሹክሹክታ ነገርኳቸው፤ ለአዳራሹ ይነገር ብዬ ለመንኩ። “እህት፣ እኔ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ እንዲህ የሚል የለም፤ አንቺም ከራስሽ ስክሪን ውጭ ጉዳይ የለሽም” አሉኝ። ድጋሚ ስናገር “ሦስተኛ ካወራሽ ትወጫለሽ” አሉ። አምሳሉ ከፊቴ ሁለት ረድፍ አልፎ ተቀምጧል። ጀርባውን አየዋለሁ። ራሱን በዜማ ልክ ቀስ እያለ ይነቀንቃል፤ ግጥሜን እያንጎራጎረ እንደሆነ ገባኝ።

እዚህ ላይ ስለ ክቡርነትዎ ብቻ ብጽፍ ውሸታም እሆናለሁ። ተነሥቼ “አምሳሉ፣ ንካት” ብል አንድ ትንፋሽ ነበር የሚፈጀው። ሥራው አማረኝና ዝም አልኩ። ወደ ኋላ ተመልሼ የራሴን አሥራ አንድ ጥያቄ አንድ በአንድ መዘገብኩ። እኔ ሰማንያ ስድስት አመጣሁ። አምሳሉ መቶውንም ጥያቄ መልሶ፣ እስከ መቶኛዋ ቀስቷን ተከትሎ፣ በመጨረሻ አረንጓዴዋን አንድ ጊዜ ብቻ ነክቶ፣ ከመቶ አንድ አመጣ። መቶኛዋን በትክክል መልሷት ኖሯል። ካስተማርኳቸው አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አሥራ አራቱ አንድ ወይም ዜሮ ነው ያላቸው። ግጥሟን በደንብ ያልያዙት አምስቱ አለፉ።

፬. ለአቤቱታችን በአጭር ጊዜ፣ ማለትም በሃያ ስድስት ቀን፣ ስለሰጡን መልስ አመሰግናለሁ። “ተፈታኞች ከፈተናው ቀን አስቀድመው ከገጹ ጋር በሚገባ የመተዋወቅ ኃላፊነት አለባቸው” ይላል። ደብዳቤውን ለአምሳሉ ሳነብለት አልተቆጣም። “እኔ እኮ ተዋውቄ ነበር፤ እሷ ናት የካደችኝ” አለ። ስለ ገጹ መሆኑን ምሎልኛል። እኔ ግን ስሰማው ፊቴን አዞርኩ።

፭. በዚያው ፖስታ ውስጥ ለእኔ “ተፈታኞችን በማላመድ ላበረከተችው የላቀ አስተዋፅኦ” የሚል ባለ ማኅተም ምስክር ወረቀትና ለሚቀጥለው ዙር እንዳስተምር ጥሪ ልከውልኛል። በእርግጥ የላቀ ነው። አሥራ አራት ሰው በአንድ ግጥም ከሥራ ያስቀረ ሌላ በጎ ፈቃደኛ እንደማይኖርዎ አልጠራጠርም።

አሁን ልመናዬን ላቅርብ። በማስታወቂያዎ ላይ ተቀጣሪው “ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት በታች” መሆን እንዳለበት ተጽፏል። አምሳሉ የፊታችን ኅዳር ሠላሳ ይሞላዋል። ስለዚህ የሚቀጥለው ዙር ለእሱ የለም፤ ያለው ይህ ብቻ ነው። እናቱ እትዬ ስህን፣ ልጄ ካለፈ ብለው ለግሸን ማርያም ጥላ ተስለው ነበር፤ ስለቱ ለአንድ ከመቶ ያስፈልግ እንደሆነ ቄሱን እየጠየቁ ነው። እነዚህ አሥራ አራት ሰዎች ከኅዳር በፊት፣ ቁልፏ ምን እንደምትሠራ ተነግሯቸው፣ ዳግም ይፈተኑ ዘንድ እለምናለሁ። የእኔንም ሰማንያ ስድስት ሰርዘው ከእነሱ ጋር ያስቀምጡኝ። በሚቀጥለው ሰኞ ሥራ እንድጀምር የተላከልኝ ደብዳቤ ላይ አልፈረምኩም። ሳልፈርም የምቆየው እስከ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ አባቴ በየቀኑ ይጠይቀኛል፣ እኔም ሥራ ፈላጊ ነኝ። እባክዎ ከእኔ ድክመት ይቅደሙ።

ድርጅትዎን እንደ ስሙ ርቱዕ ሆኖ ለማየት ያብቃን እያልኩ፣ የማይነቃነቀውን የአክብሮት ሰላምታዬን ከነ ምስክር ወረቀትዎ አጥፌ በዚሁ ፖስታ መልሼልዎታለሁ።

አደራዎን አንዲት ነጥብ ሳታጎድል ያደረሰች፣
ሰሚሃ ባድሩ፣ ከሐይቅ

ማስታወሻ፦ አምሳሉ ለእኔ ግጥም መልስ ሰጥቷል። በሚቀጥለው የመመሪያ እትምዎ፣ ገጽ ሦስት ላይ፣ በዚያች በደማቁ በተጻፈችው ዓረፍተ ነገር ቦታ እንዲያስገቡት ፈቅዷል፤ በአምባሰል ነው የሚዜመው፦

መቶውን ጨረስኩት ትእዛዝ አክብሬ፤
አንድ ይዤ ወጣሁ አምባሰል አገሬ።