ማምለጫ ዶሮ የሌለው ኮከብ

አሌክሳንድሪያ፣ ኅዳር 3 ቀን 2003

ቤዛዬ፣

ከአጎትሽ ከጋሽ ዓባይነህ አፓርትመንት ነው የምጽፍልሽ። እዚህ አሜሪካ የፓርኪንግ ጠባቂ ሳሉ በእንግሊዝኛ ያነበቡትን፣ ስለ ከዋክብት የተጻፈ የጥንት ሮማዊ ግጥም፣ ሪታየር ካደረጉ ወዲህ ወደ አማርኛ እየመለሱት ነው። የሰው ዕጣ በተወለደበት ሰዓት ሰማይ ላይ ተወስኖ ያልቃል፣ ጠቢብም አይሟገተውም ይላል አሉኝ። የእኛ ሰፈር ኮከብ ቆጣሪ ቢያንስ ገብስማ ዶሮ አዘው ያስመልጣሉ፤ እዚህኛው ግጥም ውስጥ ዶሮ የለም።

የራሳቸውንም ቆጥረዋል። የስማቸውንና የእናታቸውን ስም ፊደላት ቁጥር ደምረው በአሥራ ሁለት ሲገድፉት በተረፈው ኮከባቸው ቀውስ ሆነ፤ ቀውስ የሆነ ሰው ደግሞ በእሳቸው ዕድሜ ኅዳር ሚካኤልን በሕይወት አያልፍም። ሙሉ ልብሳቸው አልጋው ላይ ተዘርግቷል፣ ጫማው ከሥሩ። ቁልፎቻቸው ላይ የሚረከበው ሰው ስም ተለጥፏል። «የማይቀር እንግዳ ከሆነ በሩን ራስሽ ክፈቺለት» ብለው ሻይ ቀዱልኝ።

እሳቸው «እናቴ» የሚሏቸው አክስታቸው እንደሆኑ፣ ወላጅ እናታቸው በወሊድ እንደሞቱ፣ እሳቸው ብቻ እንዳልሰሙ እናትሽ ነግረውን የለ? የቆጠሩበት የእናት ስም ስህተት ከሆነ ኮከቡም ስህተት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ልነግራቸው አፌን ከፍቼ፣ እስቲ መጀመሪያ በወላጅ እናታቸው ስም ልቁጠረው አልኩ።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም። በስልክ ልነግርሽ ፈርቼ ነው የጻፍኩልሽ። የወረቀቱ ጥግ ላይ የተሞነጫጨረው ሒሳብ የእኔ ነው፤ ሦስት ጊዜ ደመርኩት፣ ያው ቀውስ ወጣ።

ተናኘ