በክሊኒኩ በር ላይ ስለተሰቀለው የሳኦዳት ኦፓ ፊት

ለተከበሩ ዶክተር ፋሩህ ቱርሱኖቭ
የፊት ገጽታና የጤና ልማድ ምርምር ተቋም ዳይሬክተር

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የተረጋጋ የልብ ምትና የማይነጥፍ የምርምር በጀት እመኛለሁ።

ባለፈው ጸደይ ተመራማሪዎችዎ ካሜራ ይዘው ወደ ከተማችን ወደ ማርጊላን፣ የሐር ሸማኔዎች ሰፈር በመጡ ጊዜ፣ ፊታቸውን ለሳይንስ ከሰጡት መካከል የሙአለ ሕፃናት መምህርት የነበሩት፣ ሁላችንም ‹ኦፓ›፣ ማለትም ታላቅ እህት፣ የምንላቸው ሳኦዳት ይገኙበታል። ሻሻቸውን አስተካክለው፣ አፋቸውን ገጥመው፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። በእኛ ዘንድ በዕድሜ የገፋ ሰው ካሜራ ፊት አይስቅም፤ ያው ፎቶግራፍ ነገ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ይቀረጽ ይሆናልና፣ ከመቃብር ላይ ጥርስ ማሳየት ነውር ነው። ተመራማሪዎችዎ ግን ዋና ከተማ ተቀምጠው የኦፓን ፊት ለዓይን ቅጽበት ያህል አዩና ‹ቁጣ› ብለው መዘገቡት። እነሆ ዛሬ «ቁጣ ልብን ይገድላል፤ የደም ግፊትዎን ይለኩ» ከሚል ጽሑፍ ጋር በክሊኒካችን መግቢያ በትልቅ ፖስተር ላይ ተሰቅሏል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የሚከተለውን አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ እያባበሉ ያሳደጉ ሴት ቁጡ መሆናቸውን ሳናውቅ አርጅተን ነበርና፣ ስላነቁን እናመሰግናለን።

፪ኛ፤ ዳቦ ሻጩ ራቭሻን ሳይቀር «ኦፓ፣ ዛሬስ ማን ነካዎት? ዳቦዬ አርሯል እንዴ?» እያለ ይቀልዳል። እሳቸውም ስቀው ያልፋሉ፤ ክሊኒክ መሄዱን ግን ትተዋል። ግራ እጃቸው እየደነዘዘ፣ ግፊታቸው በየሳምንቱ እንዲለካ የታዘዘላቸው ሴት ናቸው። ልለምናቸው ብሄድ «መምህር፣ ይተዉኝ እስቲ። ደጁ ላይ ራሴው አፍጥጬ እየጠበቅሁኝ ግፊቴ እንዴት ብሎ ይወርዳል?» አሉኝ። አሁን ራሳቸውን ባመማቸው ቁጥር ክኒኑን በግምት ይውጣሉ።

፫ኛ፤ የዱሮው ሐኪማችን የሰው ፊት ከማየታቸው በፊት ሻይ አስቀርበው፣ ስለ ልጅና ስለ ልጅ ልጅ ጠይቀው፣ የጓሮውን ወይን ሳይቀር አንሥተው ብዙ ጊዜ ያባክኑ ነበር። በእርስዎ ዘመን ይህ ብክነት መቅረቱ ያስመሰግናል።

፬ኛ፤ ፖስተሩ የክሊኒክ ጎብኚዎችን እንዳበዛ ተቋምዎ ማብሰሩን ሰምተናል። ከድምሩ ላይ አንዲት ሴት እንዲቀነሱልን እንጠይቃለን።

ልመናዬ አንድ ነው፤ የሳኦዳት ኦፓ እጅ ጨርሶ ሳይከዳቸው ፖስተሩ ይውረድ። ባዶ ግድግዳ ማንንም ከሐኪም አላስቀረም።

የፊትዎ ብርሃን እንደ ሳይንስዎ ይስፋ እያልኩ፣ በአክብሮት አንገቴን ደፍቼ እሰናበታለሁ። አንገት መድፋቴ ‹ሐዘን› ተብሎ እንዳይመዘገብብኝ አደራ።

ኡሉግሙሮድ ሳኢዶቭ
ጡረተኛ የሥነ ጽሑፍ መምህር

ማስታወሻ፦ በተቋምዎ መጽሔት ላይ የወጣውን ፈገግታ የሞላበት ፎቶግራፍዎን ለሻይ ቤታችን ሽማግሌዎች ባሳያቸው፣ አንዱ «ይሄ ሰውዬ ምን ሊሸጥልን ነው?» አሉ። ቤታቸው ወስጄ ያሳየኋቸው ሳኦዳት ኦፓ ግን መጽሔቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ከቆዩ በኋላ «ተዉት፣ ይሄ ልጅ እኮ ደክሞታል። ግፊቱን የሚለካለት ሰው አለው?» አሉኝ። እንግዲህ ግፊትዎን ለመለካት ወደ ክሊኒካችን ብቅ ቢሉ፣ በር ላይ የሚያፈጥጡብዎትን ሴት አይፍሩ፤ የላኩዎት እሳቸው ናቸው።