ደባሱን አነጋገር ያስተማሩት ወይዘሮ

ላሊበላ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ረሒማ እህቴ፣

የወንድሜ የደባሱ መርዶ በመጣ ቀን እናንተ ስታለቅሱ፣ እኔ የማስበው ስለ ቴአትሩ እንደነበር አልነገርኩሽም። የላስታ ገበሬ ሆኖ ሊጫወት እዚህ አንድ ወር አነጋገር ተማረ፤ ሲጫወት ሳልሰማው የኪነት ቡድኑ መኪና ተገለበጠ። ስለዚህ ያስተማሩትን ወይዘሮ ይማርሽን ፈልጌ መጣሁ። ገብስ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው። መርዶውን ነገርኳቸው፤ አለቀሱለት። ሲረጋጉ፣ «እንዴት ነበር የሚናገረው?» አልኳቸው።

«ቃሉንስ ይዞታል፤ ትንፋሹ ግን የከተማ ነው። ‹እንዴት አደራችሁ› ብሎ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። ‹አንተ፣ ከብት ጠፍቶብህ ነው? ቆመህ ስማ እንጂ!› እለው ነበር» አሉና ጥድፊያውን አስመስለው አሳዩኝ።

እዚህ ሰው ከብቱንም አዝመራውንም ሳይጠይቅ ወደ ነገር አይገባም፤ እንደ እኛ ደሴ አይደለም። እሳቸው ያሳዩኝ ግን በራችሁ ላይ ሰላም ብሎሽ እግሩ ሳይቆም የሚያልፈውን ደባሱን ራሱን ነው። ይድገሙልኝ አልኳቸው። ሦስት ጊዜ ደገሙልኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ባልሽን አባስን ሰላም በይልኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ቄሶቹ በክርስትና ስሙ ሊያስቡት ተቀብለውኛል። አንቺም በዱዓሽ አትርሺው፤ ይህን ለጎረቤቶቻችን አንብቢላቸውና እነሱም ነፍሱን ይማር ይበሉልኝ።

እህትሽ አመተ ጊዮርጊስ