አፈር ስሆን ሳይሉኝ

ሰኞ፣ መጋቢት 7

አማካሪዋ «ጥሩ» ብላኝ ቀጣዩን ተማሪ ጠራች። በቃ፣ ይኸው ነው። ማን ነው ሰውን አንዴ ጠይቆ «ጥሩ» የሚለው?

ኮሌጃችን ምሳ ለማያገኙ ተማሪዎች በነጻ ሊያበላ ነው። ለዚሁ ሲባል የተማሪዎች ጉዳይ የሚባል ቢሮ ተከፍቶ ወይዘሪት ሶስና የምትባል አማካሪ ተቀጥራለች። ውጭ አገር ብዙ ዓመት ተምራ የመጣች ናት፤ ጠጉሯ አፍሮ፣ ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ። ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ተቀምጣ ሁላችንንም አንድ በአንድ አስጠራችን። ዘነበች፣ ምሳ የት ትበያለሽ? ቤት። ድጋፍ ያስፈልግሻል? አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

«አይ» ማለት እኮ ወግ ነው! መጀመሪያ «አይ» እላለሁ። እሷ «ኧረ ግድ የለሽም» ትላለች። እኔ «ይተዉት፣ ደህና ነኝ» እላለሁ። እሷ «አፈር ስሆን» ትላለች። ያኔ አንገቴን ደፍቼ፣ በግድ እንደተያዘ ሰው፣ «እንግዲህ ካሉ» እላለሁ። ይኼን ሁሉ ደጅ ቆሜ ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት። ሴትዮዋ ግን «ጥሩ»።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ለአክስቴ «ኮሌጁ ያበላናል» እላታለሁ። ለኮሌጁ «ቤት እበላለሁ» እላለሁ። በሁለቱ ውሸት መሀል ጦሜን የምውለው እኔ ነኝ። አክስቴ ኮልፌ ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ እየሸጠች አራት ልጆች ታሳድጋለች፤ እኔ ከጎጃም መጥቼ አምስተኛ ሆንኩባት። ምሳ ቋጥሪልኝ አልላትም። ብሞት አልላትም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ራሴን ያመኛል። ከሰዓት በኋላ የጽሕፈት መኪናው ፊደል ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ሁዳዴ መሆኑ በጀኝ። ማንም ቢጠይቀኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ ነኝ እላለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ክፍል ውስጥ ነን፣ «ታዲያ ምን በላሽ» የሚለኝ የለም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጾሙን መደበቂያ አደረግሁት።

ሙኒራን ለምሳው ተመዝግበሻል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «እኔ ምን ቸግሮኝ!» አለች። «እኔስ ብትይ» አልኩ።

ሙኒራ በጽሕፈት ክፍል አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት። ከክፍሉ ሁሉ በመኪና ሲጽፉ የእሷን ጣት የሚደርስበት የለም። አባቷ መርካቶ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ ታመው ከተኙ ወዲህ ሱቁ ተዘግቷል። እሷም ሰሞኑን ጿሚ ናት፤ በረመዳን ያለፈኝን ቀን ቀዷ እያወጣሁ ነው ትላለች። በምሳ ሰዓት እሷ ወደ መስጊድ፣ እኔ ወደ ቤተ መጻሕፍት። አንድ ቀን አብረን ተቀምጠን አናውቅም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ባላየሁ ኖሮ።

በምሳ ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወዳለው ቧንቧ ስሄድ ሙኒራን አገኘኋት። ጎንበስ ብላ በእጇ እየቀዳች ትጠጣለች። ታርፋለች፣ ደግሞ ትጠጣለች። ጿሚ ናት እንግዲህ! የጠማው ሰው እንደዚያ አይጠጣም። ሆዱን ሊሞላ የሚጠጣ ሰው እንዴት እንደሚጠጣ አውቃለሁ፣ እኔም የሄድኩት ለዚያው ነበር። ሳታየኝ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ጣቷ ተሳሰረ። አስተማሪው የሰጡንን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አበላሽታ ወረቀት ቀየረች። «ዛሬ ምን ነክቶሻል?» ብለው ተቆጧት። አንገቷን ደፋች። እኔ ደግሞ እሷን እያየሁ የራሴን አበላሸሁ።

ስንወጣ የሰማሁት ደግሞ ብሶ ቁጭ አለ። ምሳው ሊቀር ነው አሉ። ከጠቅላላው ተማሪ አንድም ሰው ይቸግረኛል ያለ ስለሌለ ዲኑ «ተማሪዎቻችን ችግር የለባቸውም» ብለዋል፣ አርብ ቢሮው ይዘጋል። ጉድ እኮ ነው። ስንታችን እንሆን «አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለን የወጣነው?

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ሙኒራ ትምህርቷን ልትተው ነው። ከሰኞ ጀምሮ አጎቷ ሱቅ ትገባለች።

በአጠና ተራ በኩል ወደ ቤት ስንሄድ ነው የነገረችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። ትምህርቱ አልገባኝም አለች። ውሸታም! የአማርኛውን መኪና ዓይኗን ጨፍና የምትመታ ልጅ ምኑ ነው ያልገባት? በጣም ተናደድኩ። ቧንቧው ጋ አይቼሻለሁ ልላት አፌ ላይ መጣ። ግን አንቺስ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር ብትለኝ ምን ልመልስ? ዋጥኩት። ለእንጨት ጭነት መኪና መንገድ ለቀን ቆመን ሳለ ፊቷን አየሁት፣ ከንፈሯ ደርቋል። የኔም እንደዚያው ይሆናል።

ሰኔ ላይ ብትጨርስ የትም መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ይቀጥሯታል። ሦስት ወር ነው የቀራት። በምሳ ምክንያት!

ነገ ቢሮ እሄዳለሁ። ለራሴ አይደለም። ስለራሴ ከሆነ ቃሉ ከአፌ አይወጣም፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ለእሷ ግን እናገራለሁ።

አርብ፣ መጋቢት 11



ጠዋት ከክፍል በፊት ቢሮ ገባሁ። ወይዘሪት ሶስና ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነበር። ቁጭ በይ ሳትለኝ ጀመርኩ። እኔስ ደህና ነኝ፣ የመጣሁት ስለ ሙኒራ ነው፣ ጿሚ ነኝ የምትለው ውሸቷን ነው፣ ምሳ አትበላም፣ እኔ መናገሬን እንዳይነግሯት። አንድ ትንፋሽ ላይ ነው ያልኩት።

ካርቶኑን አስቀመጠችና አየችኝ። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ሙኒራ ትናንት መጥታ ነበር። ዘነበች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ ነኝ የምትለው ውሸቷን ነው፣ ምሳ አትበላም፣ እኔ መናገሬን እንዳይነግሯት ብላኝ ነው የሄደችው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ትናንት እኮ ነው! ትምህርቴን ልተው ነው ባለችኝ ቀን! እሷ ሄዳ ሱቅ ልትገባ፣ እኔን ግን ምሳ ልታስበላኝ። አለቀስኩ። ከዚህ በፊት ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም፣ ዛሬ ተንሰቀሰቅሁ።

ወይዘሪት ሶስና መሀረብ ሰጠችኝና ወንበሯን ስባ አጠገቤ መጣች። ሳምንቱን ሙሉ ሁሉም «አይ» ሲለኝ አምኜ ነበር አለች። ያደግሁበትን ረስቼዋለሁ አለች፣ ይኼን ስትል ለራሷ ነው የሚመስለው። ከዚያ እንደገና ጠየቀችኝ። «እንግዲህ ዘነበች፣ ከሰኞ ጀምሮ ከሙኒራ ጋር ትበያለሽ?»

«አይ…»

አፌ ነው! እኔ አላልኩም፣ አፌ ነው ያለው። እንባዬ ሳይደርቅ! ወይዘሪት ሶስና ግን ዛሬ «ጥሩ» አላለችም። ትንሽ አሰበች፤ ከሩቅ ቦታ ዕቃ እንደሚያወጣ ሰው ቃሉን ፈልጋ አመጣችው።

«አፈር ስሆን» አለችኝ።

እንግዲህ ካሉ አልኩ።

ዲኑ ዘንድ አሁኑኑ እገባለሁ አለች። የእምቢታውን ነገር አስረድታ ተማሪዎቹን በሙሉ እንደገና ልትጠራ ነው፤ ግን አንቺ ርቦሻል ወይ አትልም፣ ጓደኛሽ በልታለች ወይ ነው የምትለው። ዲኑ እሺ ይበሉ አይበሉ አላወቅሁም። ሙኒራን ግን አንቺ ንገሪያት ብላ ለኔ ጣለችብኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

እነሙኒራ ቤት ሄድኩ። አባቷ አልጋ ላይ ሆነው «ገባ በይ ልጄ፣ ቤት ለእንግዳ» አሉኝ። ድምፃቸው ብቻ ነው የቀረው። ጓሮ ወጥተን የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ማን አማልጂኝ አለሽ አለችኝ፣ ዓይኗን አፍጥጣ። አንቺንስ ማን አማልጂኝ አለሽ አልኳት። ልትቆጣ ፈለገች፣ አልሆነላትም፣ ሳቋ አመለጣት። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ሳቃችን ሲያልቅ ግን ለአጎቴ ቃል ሰጥቻለሁ አለች። ሰኞ ትመጫለሽ? ወላሂ አላውቅም አለች።

ሰኞ፣ መጋቢት 14

ጠዋት ወንበሯ ባዶ ነበር። አስተማሪው ስሟን ጠርተው አለፉ። እኔ መኪናው ላይ ምን እንደምመታ አላውቅም፣ ዓይኔ በሩ ላይ ነው። ከዕረፍት ስንመለስ ቁጭ ብላ ወረቀት ስታስገባ አገኘኋት። አጎቷ ሱቅ ሄዳ ነበር፤ እስከ ሰኔ ይታገሡኝ ብላ ለምናቸው መጣች። ተናደዋል አለች። ሁለተኛ ቢጠሯት ምን እንደምትል አላውቅም፣ እሷም አታውቅም።

ዲኑ እሺ ብለው ኖሮ፣ ወይዘሪት ሶስና ጓደኛሽ በልታለች ወይ እያለች ሁሉንም እንደገና ስትጠራ አረፈደች። ስድስት ሰዓት ላይ ምግብ ቤት ገባን። እኛ ብቻ መስሎኝ ስሸማቀቅ አዳራሹ ግማሽ ሞልቷል! ያ ዘናጩ የሂሳብ ክፍል ልጅ እንኳ አለበት። ማንም ማንንም አያይም፣ ሁሉም ሳህኑን ነው የሚያየው። ሽሮ ነው፣ እኔም እሷም የምንበላው። ሙኒራ እኔ እንኳ አንቺን ላስበላ ነው የመጣሁት አለች። እኔም አንቺን ላስበላ ነው አልኳት። ሳህኑን ጠርገን በላን።

ማታ ቤት ስገባ አክስቴ እንደ ሁልጊዜው «ምሳ በላሽ?» አለችኝ። «አዎ፣ ኮሌጁ አበላን» አልኩ። ስንት ጊዜ ያልኩት ነው፤ ዛሬ ግን እውነት ነው። ኮራ ብዬ ነው ያልኩት።

አክስቴ ትክ ብላ አየችኝ። «ይኼን ወሬሽን ዛሬም ይዘሽው መጣሽ?» አለችና፣ ለካስ ስታውቅ ኖራለች፣ የራሷን እራት ወደኔ ገፋችው። ኧረ በልቻለሁ፣ እውነቴን ነው፣ በማርያም በልቻለሁ ብላት ማን ይስማኝ። አፈር ስሆን አለች።

ምን ላድርግ? እንደጠገብኩ በላሁ።