ሳትሞላ የተነሳች አውቶቡስ

ውድ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከአውቶቡሷ ጋር አብሮ ይድረስዎ። ደብዳቤውን የሚያቀብልዎ ሹፌራችን ቀስ በቀስ ነው። እርስዎ ባወጡለት ስም አሁን እናቱም ትጠራዋለች አሉ። ከተለያየን አራት ወር ሞላን። መናኸሪያው እንደነበረው ነው፤ ጫጫታው፣ የናፍጣው ሽታ፣ ግፊያው ምኑም አልተነካም። የጎደሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። የምናዘዘው አንድ ነገር አለኝ፣ የምለምንዎትም አንድ ነገር አለኝ። የትኛውን ላስቀድም እያልኩ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ።

ሥራ ሊጠይቁኝ የመጡበትን ቀን ያስታውሳሉ? ወገብዎን ይዘው፣ «መጥረግም መሸከምም አልችልም፤ ከአሁኑ ልንገርህ» አሉኝ።

«መቀመጥስ ይችላሉ?»

«በእሱማ ማን ይበልጠኛል» አሉ።

ያን ጊዜ የእኛ የባለ አውቶቡሶች ሕግ አንድ ነበር፤ ሳይሞላ መነሳት የለም። ተሳፋሪ ደግሞ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ አይገባም፤ እስኪሞላ ግማሽ ቀን እንደሚያስጠብቀው ያውቃላ። ስለዚህ የትም የማይሄዱ ሰዎች ቀጥረን ወንበር ላይ እናስቀምጣለን፤ ወንበር አሟቂ የምንላቸውን። እውነተኛ ተሳፋሪ ሲመጣ አንዱ አሟቂ «ዕቃ ረሳሁ» ብሎ በኋላው በር ውልቅ ይላል፤ ሌላ ሲመጣ ሌላው። ማታለል መሆኑን አጥተነው አይደለም። ሁሉም ስለሚያደርገው ሥራ መሰለን እንጂ።

ከአሟቂ ሁሉ ግን የእርስዎ ይለይ ነበር። በሩ አጠገብ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ ያረጀ መጋረጃ የጠቀጠቁበትን ሻንጣ ታቅፈው፣ ሰዓትዎን አየት አድርገው «ምነው ይሄ ሰውዬ አይነዳም እንዴ?» ብለው ሲያጉረመርሙ እኔ ራሴ የምንነሳ ይመስለኝ ነበር። አንዲት ተሳፋሪ መንገድ ያጥወለውለኛል ብላ ብትፈራ፣ «ጠመዝማዛው ከድልድዩ በኋላ ነው፤ ያኔ ሎሚ አሽትቺ» ብለው መከሯት። «በዚህ መንገድ ብዙ ተመላልሰዋል ማለት ነው?» ስትልዎ፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጬበታለሁ» አሏት። ነገሩ ውሸት አልነበረም። መንገዱን ከተመላሽ ተሳፋሪዎች ወሬ አጥንተውት፣ ከቀስ በቀስ ይልቅ እርስዎ ያውቁት ነበር።

ከዚያ ኩባንያው መጣ። አራት አዳዲስ አውቶቡስ፣ ቁጥር ያለው ወንበር፣ በስልክ የሚያዝ ትኬት። ከሁሉ ያስደነቀን ደግሞ ሰዓት ሲደርስ መነሳቱ ነው፤ ሞላ አልሞላ ግድ የለውም። ሥራ አስኪያጁ፣ ያ ባለ ክራቫቱ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ እጁን ሲያነሳ አውቶቡሱ እብስ ይላል። እኔ ሳቅሁበት።

«ግማሹን ወንበር ባዶ ይዞ የሚነዳ ጤነኛ ነው?» አልኩዎ።

«አንተ መስኮት መስኮቱን ነው የምታየው። እስቲ ሆዱን እይ» አሉኝ።

ከወንበሩ በታች ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ ማለትዎ ነበር። ካርቶኑ፣ መለዋወጫው፣ የመድኃኒት ሣጥኑ ጢም ብሎ ሞልቶታል። ሰው ቢጎድል ዕቃው የመንገዱን ወጪ ይሸፍናል፤ ወጪው ከተሸፈነ አውቶቡሱ በሰዓቱ ይነሳል፤ በሰዓቱ የሚነሳን ደግሞ ሰው ይወደዋል። ይህችን አሁን እንደ ሀሁ እዘረግፋታለሁ። ያን ቀን ግን «እትዬ፣ እርስዎ ስለ መቀመጥ ብቻ ያውሩ» ብዬ አፍዎን አስያዝኩዎ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አሁን ወደ ኑዛዜው ልምጣ።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ባለ ክራቫቱ ሰው ሁሉ እየሰማ «ወንድሜ፣ አውቶቡስህ ሥር ሰደደች እኮ፤ ውሃ አጠጣት» አለኝ። እልህ ያዘኝ። «ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ ካንተ ቀድማ ባትነሳ ከዚህ መናኸሪያ ልውጣ» ብዬ ማልኩ። ከዚያ አሟቂ ሰበሰብኩ፤ የልብስ ተኳሹን፣ የመጽሔት አዟሪውን፣ የጥበቃውን ወንድም ሳይቀር። ለሁለት አምስት ጉዳይ ሲል አርባ አምስቱም ወንበር ጢም አለ። ራስ ቆጠርኩ። እውነተኛውን ከአሟቂው መለየቱን በእልሁ ረሳሁት። የአውቶቡሷን ጎን ሁለቴ መታሁ፤ በእኛ ሂድ ማለት ነው። ቀስ በቀስ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጠነ።

ስታልፍ መስኮቱ ላይ አየሁዎ። እጅዎን አንስተው አቁም አሉኝ። እትዬ፣ አላየሁም ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ ለሚስቴም ጭምር። አይቼዎታለሁ። ጎኗን አንድ ጊዜ ብመታ ትቆም ነበር። ባለ ክራቫቱ ከጀርባዬ ቆሞ ስለነበር ፊቴን አዞርኩ። ለመመለሻ እንኳ ቤሳ ያልያዙ፣ ወገባቸውን የሚያማቸውን ሴት ለአንድ ሰውዬ ፉከራ ብዬ አራት ሰዓት መንገድ ላክሁ።

የሆነውን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ግን ቀስ በቀስ ሲተርከው አንዳንዴ ስለሚጨምርበት እኔ የሰማሁትን ልንገርዎ። በአውቶቡሷ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ አሟቂ ነበር። ልብስ ተኳሹ መናኸሪያው በር ላይ ዘለለ። ሦስቱ ነዳጅ ማደያው ጋ «ወራጅ» አሉ፤ አራቱ ደግሞ ከመታጠፊያው። እውነተኞቹ ተሳፋሪዎች ይህን ሁሉ ሰው ከከተማ ሳይወጣ ሲወርድ አይተው ተያዩ። አንዱ «እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት ነገር አለ፤ ፍሬን የላትም መሰለኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ማን ይቀመጣል! ከእርስዎ በቀር አሟቂው ሁሉ ወረደ። ከሃያ ስድስቱ እውነተኞችም ስምንቱ ብቻ ቀሩ። እነሱም የቀሩት እርስዎ ሻንጣዎን ታቅፈው ንቅንቅ ስላላሉ ነው ይላል ቀስ በቀስ። «እሳቸው ካልወረዱ ደህና ነው» ተባባሉ አሉ።

ማምሻውን የላኩልኝን መልእክት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እርግማን ነበር የጠበቅሁት። «ደህና ደርሻለሁ። ድልድዩን ሳላይ አልወርድም ብዬ ነው፤ ከተባለው ግን ያንሳል። የሦስተኛው ወንበር ሽቦ ወጥቷል፤ አውቶቡሷ ቆማ ስለምትውል አልታወቀኝም ነበር፣ ስትሄድ ግን ይወጋል። እኔ የእህቴ ልጅ ጋ እሰነብታለሁ» ብለው ላኩ። ወንበሩን በማግስቱ አሠራሁት። ይቅርታ መጠየቁን ግን አራት ወር አሳደርኩት። ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ያጠፋሁት ሳላውቅ አይደለም፤ እያየሁ ነው።

ከዚያ በኋላ መናኸሪያው ሳምንት ሙሉ ሳቀብኝ። «የወራጆቹ አውቶቡስ» የሚል ስም ወጣላት። ተሳፋሪ ሸሸ። አውቶቡሷ አሥራ አንድ ቀን ስትቆም ባለ ክራቫቱ መጣና፣ እውነቱን ለመናገር በጨዋ ቋንቋ፣ «ሽጥልኝ፤ ሹፌርህን እቀጥራለሁ፣ አንተንም ትኬት መስኮት ላይ አስቀምጥሃለሁ» አለኝ። እኔን መስኮት ላይ! አውቶቡሷ የአባቴ ናት፤ እኔም ልጅ ሆኜ ያደግሁት መሪዋ ሥር ነው። የጥቂት ወራት ጊዜ ስጠኝ አልኩት። ሰጠኝ።

ያኔ ሆዷን አየሁ፤ እርስዎ እንዳሉኝ። ኩባንያው ትልልቅ ካርቶን ነው የሚወድ። አንድ መነጽር፣ አንድ ጥንድ ጫማ፣ አንድ ጥቅል ጨርቅ የሚልክ ባለ ሱቅ ቅጽ ሞልቶ እስከ ማግስቱ ይጠብቃል። እኔ በየሱቁ ዞርኩና «የአንድ ሰው አንድ ዕቃ፣ ዛሬ ተሰጥቶ ዛሬ የሚደርስ» አልኩ። መጀመሪያ ስሜን ሰምተው ሳቁ፤ ቀጥሎ አንዱ ሞከረ፤ አሁን ስትሄድ ሆዷ ይሞላል። አሟቂዎቹም ተሸካሚ ሆነዋል፤ ልብስ ተኳሹ እንኳ ካርቶን ማሰር ላይ አንደኛ ወጥቷል።

ችግሩ መመለሻው ነው። ከእናንተ ከተማ ዕቃ የሚሰበስብ፣ የሚመዘግብ፣ ለባለቤቱ የሚያስረክብ ሰው የለንም፤ ባዶዋን ትመለሳለች። በአንድ እጅ አይጨበጨብም። ቀስ በቀስን አስረክብ ብዬ ብልከው፣ የጥርስ ሐኪሙን ሰው ሠራሽ ጥርስ ለጫማ ሰፊው ሰጥቶት መጣ። ጫማ ሰፊው «ለእኔ ይሰፋኛል» ብሎ መልሶ ላከው።

ከዛሬ ጀምሮ አውቶቡሷ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከዚህ፣ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ከዚያ ትነሳለች፤ ሞላችም አልሞላችም። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሰቅዬዋለሁ፤ ባለ ክራቫቱም ቆሞ አንብቦታል። ለዛሬ የተመዘገበው ተሳፋሪ ሰባት ነው፤ ሁሉም እውነተኛ። እየፈራሁ ነው የምጽፈው፤ ደስ እያለኝም ጭምር። በቀረኝ አንድ ወር ውስጥ በመመለሻው ሆዷ ካልሞላ ግን የአባቴን አውቶቡስ ቁልፍ አስረክባለሁ።

ልመናዬ ይኸው ነው። እዚያ መናኸሪያው በር ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቻለሁ። ሚዛን አላት፣ መዝገብ አላት፣ ደህና ወንበርም አላት። መሸከም የለብዎትም። ሰው ዕቃውን አምኖ የሚሰጥዎ እርስዎን ነው፤ ፍሬን የላትም በተባለች አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ስምንት ሰው እርስዎን አይቶ ተቀምጧል። እንደ በፊቱ ቅጥረኛዬ ሆነው አይደለም የምፈልግዎ፤ የመመለሻው ጉዞ ባለድርሻ ይሆናሉ። አይሆንም ቢሉኝም አልቀየምም፤ የመቀየም መብቴን ያን ማክሰኞ ጥያለሁ።

የክፍሏ ቁልፍ ከዚህ ወረቀት ጋር ታሽጓል። ከፈለጉት በሩን ይክፈቱ፤ ካልፈለጉት ለቀስ በቀስ ይመልሱለት። ብቻ አንብበው ሲጨርሱ ቶሎ ይወስኑ። ስምንት ሰዓት ሲል ንዳ ብዬዋለሁ፤ እርስዎንም ቢሆን አይጠብቅም።

አክባሪዎ፣
ባለ አንድ አውቶቡሱ