ሻካራው ድምፅ ወይስ ለስላሳው

የካቲት 16 ቀን 1957፣ ማክሰኞ። ጠዋት ፀሐይ፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ። ፒያሳ፣ ሱቄ ውስጥ። የነበርነው እኔ፣ ታላቅ ወንድሜ አያ ደምሴ፣ ሚስቱ ውባለም።

ለአያ በገና መቃኛ የሠራሁት ሣጥን ይጮኻል። ከተጣሉ ሬዲዮዎች የለቀምኳቸው ትራንዚስተሮች ሠሩ። ማቀያየሪያው ወደ ግራ ሲሆን ሞገዱ ለስላሳ፣ እንደ ፉጨት። ወደ ቀኝ ሲሆን ባለማዕዘን፤ ድምፁ ሻካራ፣ እንደ ንብ።

አያ ጆሮው ከከበደ ወዲህ በገናውን መቃኘት አቅቶታል። አሁን ሣጥኑ ድምፁን ይሰጠዋል፣ እሱ አውታሩን እዚያ ድረስ ይወጥራል። ሁዳዴ እስኪገባ ራሱ ካልቃኘው መካነ ብርሃን ላለው አማቹ ሊሰጠው ቆርጧል። አይሰጥም። እኔ አለሁ።

ለስላሳውን ሲሰማ ፊቱን አጨፈገገ። «ይኼማ ጨው የሌለው ወጥ ነው፣ እቴ።» ሻካራውን ወደደ። ውባለም የሚመስልህን መረጥህ አለችው።

እኔም ሻካራውን። በትንሿ ድምፅ ማጉያ ጎልቶ የሚሰማው እሱ ነው። ሸጋ ውሎ።

18፣ ሐሙስ። ብርድ። ቁስቋም፣ አያ ቤት።

አውታር ተበጠሰ። ሻካራ ሞገድ ብቻውን አይመጣም፤ ቀጫጭን ድምፆች አዝሎ ነው። ማጉያዬ ወፍራሙን ይውጣል፣ ቀጭኖቹን ይተፋል። አያ ቀጭኑን ተከትሎ ወጠረ፣ ወጠረ። ጧ።

ውባለም በገናውን ጨርቅ አለበሰችው፣ እንደ ሬሳ። ተናደድኩ። ማታ በረደልኝ።

20፣ ቅዳሜ። ነፋስ የለም።

ስሚ፣ ማስታወሻዬ። አያ አዲስ አውታር ሲያስገባ አየሁት። መጀመሪያ እንዚራዋን፣ በገናውን የምታስነዝረውን ቁራጭ ቆዳ፣ ከአውታሩ ሥር አወጣት። ምነው አልኩት።

«በንዝረት መሐል ማን ይቃኛል?»

«ታዲያ ከኔ ሣጥን ንዝረት ምነው ፈለግህ?»

ጢሙን አሻሸ። ከዚያ ሳቀ፤ ከሐሙስ ወዲህ ገና መሳቁ ነው።

ስለዚህ ለስላሳው። መቃኛ ነው እንጂ መዝሙር አይደለም። የቀረው ችግር ድምፁ መድከሙ ነው፤ ወፍራም ለስላሳ ድምፅ በትንሽ ማጉያ አይወጣም። ማጉያውን ፈትቼ በገናው ቆዳ ላይ ላሳርፈው። ትልቅ ሆድ አለው፣ ያጉላልኝ።

21፣ እሑድ፣ ቅበላ። ቁስቋም።

ማጉያው በገናው ሆድ ላይ፣ የአያ መንጋጋ በገናው እንጨት ላይ፣ ጆሮው ያጣውን በአጥንቱ እንዲሰማ። ማቀያየሪያውን ወደ ግራ አደረግሁ። «መጣ» አለ።

አሥሩንም ቃኘ። አራተኛው ላይ ብዙ ቆየ፤ እጄን አልዘረጋሁም። ውባለም በገናውን ሊወስድ የሚመጣው አማቻችን በቅሎውን ባዶዋን ይነዳታል አለች። አያ አልሰማትም፣ ወይ እንዳልሰማ ሆነ።

22፣ ሰኞ። ጧት። ጥርት ያለ ሰማይ።

መበየጃዬን አጋልኩ። ማቀያየሪያውን ነቀልኩ። የሻካራውን ትራንዚስተሮች ፈታሁ። ለስላሳውን በቀጥታ ከባትሪው አገናኘሁ። የማቀያየሪያውን ቀዳዳ በሰም ደፈንኩ። ክዳኑን በብሎን አሰርኩና ሱቄን ከፈትኩ።